የአባቴ አንገትና የሞጣው ድንጋይ

እስቲ ይህን ከማንበብዎ በፊት አገጭዎን ደረትዎ ላይ ያሳርፉና መልሰው ቀና ይበሉ። ቻሉ? አሁን ደግሞ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ይዙሩ። እሱንም ቻሉ? እንግዲያው ባለጸጋ ነዎት፤ ፈጣሪዎን ያመስግኑ። እኔ የማወራዎት ስለ ሁለት ድሆች ነው፤ አንዱ አባቴ፣ ሌላው እኔው ራሴ።

ቢቸና ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህን ብዬ ዝም ብል ደግ ነበር፤ ነገር ግን አስተማሪ አንዴ አፉን ከከፈተ ደወል ካልተደወለ አይዘጋም፤ ይታገሡኝ። የሰው አንገት ሰባት አጥንት አለው። ቀጭኔም ያላት ሰባት ነው፤ አይጥም ሰባት። የላይኛዋ አጥንት ቀለበት ትመስላለች፤ ይህን ሁሉ ሐሳብ የሞላውን ጭንቅላታችንን የተሸከመች እሷ ናት። ራሳችንን ዝቅ ከፍ አድርገን «እሺ» የምንለው በእሷ ነው። ሁለተኛዋ ከመሀሏ እንደ ጥርስ ያለ ነገር አብቅላ በላይኛዋ ቀለበት ውስጥ ሰክታዋለች፤ ግራና ቀኝ ዞረን «እምቢ» የምንለው ደግሞ በእሷ ነው። እሺንና እምቢን ጎረቤት አድርጎ የሠራቸው ፈጣሪ የሰውን ነገር አስቀድሞ አውቆ መሆን አለበት። ከእነሱ በታች ያሉት በየመሀላቸው ልስልስ ትራስ አላቸው። ትራሱ እያለቀ ሲሄድ አጥንት ከአጥንት ይጋጫል፤ አንገቱም ይደርቃል።

የትምህርት ቤታችን የፕላስቲክ አጽም አንገቱ ተሰብሮ በሽቦ ስለታሰረ ቀን ከሌት ጣሪያ ጣሪያ ያያል። አባቴ ደግሞ መሬት መሬት። እኔ ቀን ከአንዱ ጋር፣ ማታ ከሌላው ጋር ነው የምኖረው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ እንዳጎነበሰ አንገቱ በዚያው ቀረ። የቆመ ሰው ፊት ካየ ስንት ጊዜው! ቢቸናን የሚያውቃት ከጉልበት በታች ነው። መንገድ ላይ «እንዴት ዋልህ አለማየሁ?» ሲሉት «እግዜር ይመስገን፤ የሱሪህ የግራ እጥፋት ተተርትሯል፣ አምጣውና ልምታልህ» ይላል። ሰው የሚለየው በጫማና በአረማመድ ስለሆነ፣ የሚያውቀው ሰው አዲስ ጫማ ከገዛ ነገር ይበላሻል። አንድ ጊዜ የክርስትና ልጁ አዲስ ጫማ አድርጎ ሊጠይቀው ቢመጣ «ማን ልበል?» ብሎት ልጁ ተቀይሞ ሄዷል።

አዲስ ሰው አባቴን ሲያይ «እንዴት ያለ ትሑት ሽማግሌ ነው!» ይላል። ለሹሙም፣ ለቄሱም፣ ለለማኙም እኩል ያጎነብሳላ! እኔ ግን አብሬው ስለምኖር አውቃለሁ፤ አንገቱ ለሁሉ ጎንበስ ይላል፣ ልቡ ለማንም አይልም። (አባቴን አንተ ማለቴ አይክፋዎት። በፊት አንቱ ነበር የምለው። እናቴ ከሞተች በኋላ ሁለታችን ብቻ ስንቀር አንቱታው ቤቱን ባዶ አደረገብንና ተውኩት።)

ልቡ አልጎነብስም ካለባቸው ሰዎች ዋነኛው ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ምንይችል ናቸው። ጋሼ ምንይችል የሚኖሩት ሞጣ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ልጃቸው አንዱዓለም በድንገት ሞተ። መርዶው አባቴ ዘንድ ዘግይቶ ደረሰ፣ እሱም ሞጣ ዘግይቶ ደረሰ፤ ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። ጋሼ ምንይችል በልቅሶ ያበጠ ዓይናቸውን አንስተው አዩትና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እንግዳ መጥቷል፤ የሚበላ ስጡት» አሉ። ወንድምን እንግዳ! አባቴ ያኔ አንገቱ ይዞር ነበር፤ ፊቱን አዞረና ለልጁ አንዲት እንባ ሳያፈስ ወጥቶ ወደ ቢቸና ተመለሰ። የእምቢታ አጥንቱን ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀመባት ያን ቀን ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም።

ዘንድሮ ከሞጣ ስልክ ተደወለ። የደወሉት ሐጂ እንድሪስ ናቸው፤ የጋሼ ምንይችል ጎረቤት፣ አባቴ ጨርቅ የሚያስመጣባቸው ነጋዴ፣ የሁለቱም ወዳጅ።

«አለማየሁ፣ ወንድምህ ተኝቷል» አሉት። «ሐኪሞቹ ቤቱ ይሁን ብለዋል። ሽማግሌ ተቀምጠን ነገሩን አይተነዋል። እሱም ክፉ ተናግሯል፤ ግን የወንድም ልጅ ሞቶ ሳያለቅሱ መውጣት ይብሳል። ድንጋዩ የአንተ ነው።»

ለማያውቅ ልንገር፤ በእኛ አገር በዳይ የሆነ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ተበዳይ ደጅ ይቆማል። ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይልና ድንጋዩን አውርዶ «ቀና በል» ይለዋል። እርቁ የሚያልቀው ያ አንገት ቀና ሲል ነው። አሁን የአባቴን አንገት ያስቡት።

እምቢ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ስልኩን ዘግቶ መሬቱን ሲያይ ቆየ፤ መቼም ሌላ የሚያየው የለም። ከዚያ «ለአንዱ ልቅሶ ዘግይቻለሁ» አለ። «ለሁለተኛው አልዘገይም። ድንጋይ ፈልግ።»

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ከወላይታ የመጣ ወጣት ነው፤ ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አይቶ «በአጥንቶቹ መሀል ያሉት ዲስኮች አልቀዋል። አጥንቱ ነርቩን በጣም ተጠግቶታል። አንገታቸው ላይ ምንም ነገር እንዳይጫን» አለኝ።

«ድንጋይስ?» አልኩት።

ራጁን አስቀመጠና አየኝ። «ግንበኛ ናቸው?»

«ልብስ ሰፊ ናቸው። ድንጋዩ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።»

ሐኪሙ ትንሽ አሰበና «በስልክ አይሆንም?» አለ።

እኔ እንግዲህ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የተማረ ሰው ደግሞ ነገርን በዘዴ ነው የሚያበላሸው። የመጀመሪያው ዘዴዬ የእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ክብደት የለውም፤ ሳይንሱም እምነቱም ያተርፋሉ። አምጥቼ አባቴ እጅ ላይ አኖርኩለት። ዳሰሰው፣ አሸተተው።

«ይሄ የእግር መፈግፈጊያ ነው» አለ። «ለወንድሜ የተረከዜን እድፍ ልሸከምለት?»

ሁለተኛው ዘዴዬ የባሰ ነው። ከአሮጌ ሶፋ ስፖንጅ ቆርጬ፣ አመድና ጭቃ ለቅልቄ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ ድንጋይ ሠራሁ። ዓይን ያታልላል፤ እኔ ራሴ ስረሳው ላነሳው ወገቤን ሸብ አደርግ ነበር። ወደ ሱቁ ይዤው ስሄድ የገበያ ቀን ነበርና በእህል ተራ በኩል አቋረጥኩ። ነፋስ መጣ። ድንጋዩ ከእጄ ላይ ተነሥቶ በረረና ጤፍ የሚሸጡ አንዲት እናት አናት ላይ አረፈ።

«ገደለኝ!» ብለው ጮኹ። ሰው ግር ብሎ እጄን ጠምዝዞ ያዘኝ። እሳቸው አናታቸውን ዳሰሱ፣ እጃቸውን አዩ፣ ደም የለም። «ቆይ እስቲ ልቀቁት፤ አላመመኝም» አሉ። ይህን ሲሰማ ሰው ለቀቀኝና አማተበ። እስከ ዛሬ ቢቸና ገበያ ውስጥ ድንጋይ መትቷቸው ስላልሞቱ ሴት ሲወራ ከሰሙ፣ ታሪኩ ይህ ነው፤ ለማስተባበል ሞክሬ ማንም አልሰማኝም።

አባቴ ወሬው በማግስቱ ሲደርሰው አልተቆጣም። ከስፌት መኪናው ተነሥቶ የሱቁን በር ነፋስ እንዳይዘጋው የሚያስደግፍበትን ድንጋይ በእግሩ ነካ አደረገ። «ይሄ ነው» አለ። «ስሰፋበት በኖርኩት ሱቅ ደጅ ላይ የኖረ ነው። አስመስሎ ይቅርታ የለም።»

መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመበት ጊዜ ነበር፤ የተከፈተ ዕለት ተነሣን። የአባቴን አንገት በተጠቀለለ ፎጣ ደግፌ፣ ድንጋዩን በጆንያ ይዤ ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ረዳቱ ጆንያውን ቢያነሣ አቃተው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ድንጋይ።»

«ወደ ሞጣ?» አለ። «ምነው፣ ሞጣ ድንጋይ ቸገረው?» ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ግን «ለእርቅ ነው ልጄ» ሲል ሳቁ ቆመ፤ ረዳቱም ጆንያውን ከሹፌሩ ጀርባ፣ የማይነቃነቅበት ቦታ ላይ አኖረልን። አንዲት እናት «እግዜር ይርዳዎ» ብለው መቀመጫቸውን ለአባቴ ለቀቁለት።

ደብረ ወርቅን ስናልፍ እንቅልፍ ጣለኝ። አንገቴን ወደ ግራ መስኮቱ ላይ ጥዬ፣ በየጉድጓዱ እየተላጋሁ ተኛሁ። ጉንደ ወይን ላይ መኪናው ሲቆም ነቃሁና አባቴ በቀኜ ነበርና ወደ እሱ ልዞር ስል፣ አልዞርም! አንገቴ እንደ ተቆለፈ በር ቀረ። ለተማሪዎቼ ያን ሁሉ ጊዜ ያስተማርኩላት ሁለተኛዋ አጥንት ውለታዬን ረሳች። ወደ አባቴ ለማየት እንደ ጅብ ሙሉ ገላዬን ማዞር ነበረብኝ።

«ምን ሆንህ?»

«አንገቴን ያዘኝ።»

አባቴ ሳቀ። ያን ሰሞን ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «እኔን አይተህ ነው?» አለኝ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «የት ደረስን?» አለ።

«ጉንደ ወይን።»

«እዚህ ነበር ያን ጊዜ መኪናው የተበላሸብን» አለ። «ከዚህ ወዲያ በእግሬ ነው የሄድሁት። ክረምት ነው፤ ጭቃው እዚህ ድረስ ይውጥ ነበር።» በእጁ ቅልጥሙን ነካ። «አንዱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶብኝ፣ አንድ እግሬን ባዶውን ነው ልቅሶው ቤት የገባሁት።»

ይህን ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገርሃቸውም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ። «ፊቴን አዩ እንጂ እግሬን ማን አየ?»

 እስከ ሞጣ ድረስ በግራ በኩል ያለውን አገር ብቻ እያየሁ ሄድኩ፤ ለምን አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልጠየቅሁት እያሰብኩ።

ሐጂ እንድሪስ መናኸሪያ ጠበቁን። አንዱ ወደ መሬት፣ አንዱ ወደ ግራ የሚያይ ሁለት ሰው ሲወርድ አዩና «ያ ረቢ! ማን ነው በሽተኛው?» አሉ። ስለ ሐኪሙ ትእዛዝ ነገርኳቸው። አባቴ «እኔው እሸከማለሁ» ብሎ ችክ አለ። እኔም «ካንተ አንገት የኔ ይሻላል» አልኩ። ያኔ የኔም አንገት ሁለት ሳንቲም የማያወጣ መሆኑን ሁሉም ያያል። ሐጂ አስታረቁን፦ «ድንጋዩ የልጁ አንገት ላይ ይሁን፣ እጅህ ድንጋዩ ላይ ይሁን። ፈጣሪ እጅህን ያያል።»

እንዲህ ሆነን ገሠገሥን። ወደ ግራ የተቆለፈ አንገት ላይ ድንጋይ ሲጫን ምን እንደሚሰማ አልነግርዎትም፤ የባዮሎጂ ቃል የለውም። የጋሼ ምንይችል ግቢ ውስጥ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ቆመው ይጠብቃሉ። እኔ ግን የማየው በስተግራ ያለውን አጥር ብቻ ስለሆነ የቤቱ በር የት እንዳለ አላወቅሁም፤ ሄጄ መቃኑን በግንባሬ መታሁት። ድንጋዩ ተንከባሎ የሐጂ እንድሪስን አውራ ጣት ለጥቂት ስቶ ደፉ ላይ ወደቀ። አንዲት ሴትዮ ሳቅ አመለጣቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ላነሣው ሳጎነብስ አባቴ ትከሻዬን ይዞ «ተወው» አለና ድንጋዩን ተሻግሮ ገባ። ተከተልኩት።

ጋሼ ምንይችል ከአልጋ እየወደቁ ስላስቸገሩ ፍራሻቸው መሬት ላይ ተነጥፏል። ዓይናቸው ደክሟል። እኔ ከገባሁ ጀምሮ የማየው የግራውን ግድግዳ ነው፤ እዚያ ላይ የአንዱዓለም ፎቶ ተሰቅሏል፣ አዲስ ኮት ለብሶ ይስቃል። ኮቱን የሰፋለት አባቴ ነበር።

«ማነው?» አሉ ጋሼ ምንይችል።

«ወንድምዎ ናቸው» አሉ ሚስታቸው እትዬ ዝማም።

 ጋሼ ምንይችል በደከመ ድምፅ «ድንጋዩን አውርዱለት» አሉ።

ማንም አልተነቃነቀም፤ የሚወርድ ድንጋይ የለም።

«አውርዱለት እንጂ! ይቅር ብያለሁ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር። ቀና በል አለሜ።»

አባቴ ቀና አላለም።

«ቀና በል አልሁህ!» አሉ።  «አልታረቅህም ነው የምትለኝ? ልሞት ስል?»

 እኔ አፌን ከፈትኩ። ስለ ሰባቱ አጥንት፣ ስለ ትራሱ ማለቅ በየዓመቱ የማወራ ሰው፣ አንዲት ቃል አልወጣልህ አለኝ። የአንዱዓለምን ፎቶ እያየሁ ቆምኩ።

«ጋሼ» አለ አባቴ፣ «ድንጋዩ ደጅ ቀርቷል። የሚያዩት አንገቴን ነው። ቀና አይልም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እንጃ። ቀስ በቀስ ነው።»

«ማንም አልነገረኝ» አሉ ጋሼ ምንይችል። «ወንድሜ እንዲህ ሲሆን ማንም አልነገረኝ።»

ሙሉ ገላዬን አዞርኩ። አባቴ ፍራሹ አጠገብ ተንበርክኮ፣ እጆቹን መሬት ላይ አስደግፏል። ያ ቀና የማይል ፊቱ ልክ ከወንድሙ ፊት በላይ ነው። ቢቸናን ከጉልበት በታች ብቻ የሚያውቃት ሰው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ሙሉ የሰው ፊት አገኘ። ብዙ አየው።

«ሸብተዋል» አለ።

ከዚያ አለቀሰ። የእኛ እንባ በጉንጫችን ይወርዳል፤ የአባቴ አንገት እንደዚያ ስለሆነ እንባው ቀጥ ብሎ ይወድቃል፣ ጋሼ ምንይችል ጺም ላይ። «አንዱዓለምን» ይላል፤ «አንዱዓለምን… ልጄን… አላለቀስሁለትም» ይላል። ጋሼ ምንይችል ፊታቸውን አልጠረጉም። የደከመ እጃቸውን አንሥተው ያን የደረቀ አንገት ከኋላ ያዙት።

«ደረስህልኝ» አሉ። «ልቅሶዬን ደረስህልኝ።»

ቤቱ ውስጥ ያላለቀሰ የለም። ሐጂ እንድሪስ እንኳ በጥምጣማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲያብሱ አይቻለሁ።

ወደ ቢቸና አልተመለስንም። አባቴ ከፍራሹ አጠገብ ሳይለይ ሰነበተ፤ ወንድሙን ውሃ የሚያጠጣው፣ ትራሱን የሚያስተካክልለት እሱ ሆነ። እሑድ ጠዋት ጋሼ ምንይችል ዐረፉ። አባቴ ለዚህኛው ልቅሶ አልዘገየም፤ እጃቸውን ይዞ ነበር። በቀብሩ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም አባቴን ከሌላው መለየት አቃተኝ። የኔ አንገት የተፈታውም ያን ቀን ነው፤ ስጮህ ይሁን ሳጎነብስ አላውቅም፤ የሚመለከተው ሐኪም ይመልስ።

ሰልስቱ አለፈ፤ ድንኳኑን ማፍረስ ተጀመረ። ያ ከቢቸና ያመጣነው ድንጋይ ደፉ ላይ እንደወደቀ ቀርቶ ነበርና አባቴ እሱ ላይ ተቀምጧል። አንድ ሰውዬ በግቢው በር ብቅ አለ። የሚያውቀው የለም፤ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «አሁን ይመጣል እንዴ?» አለ አንዱ በሹክሹክታ። ሌላው ድንኳን አፍራሾቹን «እንግዳ መጥቷል መሰለኝ፤ የሚበላ ነገር ስጡት» አለ።

አባቴ የሰውዬውን እግር ሲያይ ቆይቷል። አንዱ ጫማው ሶሉ ተላቆ በሲባጎ ታስሯል፤ አቧራው እስከ ጉልበቱ ወጥቷል።

«እንግዳ አይደለም» አለ አባቴ። «ጫማውን እዩት። በእግሩ ነው የመጣ። አስገቡት፤ ያልቅስ።»

ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ጫማውን አየን።